ባቡሩ የት ይቁም?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ጋዜጣችሁ ላይ ስለ አዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር የሚወጡትን አስተያየቶች እየተከታተልኩ ነው። አንዱ ጸሐፊ ባቡሩ ዕዳ ነው ይላል። ሌላው ባቡሩ የአገር ኩራት ነው ይላል። ሁለቱም ጥሩ አማርኛ አላቸው። ግን ሁለቱም በሕይወታቸው አንድ ኮንቴይነር አስወጥተው የሚያውቁ አልመሰለኝም።

እኔ ትራንዚተር ነኝ። ቢሮዬ ለገሃር ነው፤ ሊፍቱ ከተበላሸ የቆየ አሮጌ ሕንፃ ላይ። ሥራዬ የሰው ዕቃ ከጅቡቲ ተነስቶ ባለቤቱ መጋዘን እስኪገባ ድረስ ማስኬድ ነው። የጉምሩክ ማስታወቂያ ቅጽ (ዲክላራሲዮን) እሞላለሁ፣ ቀረጥ አስከፍላለሁ፣ ፍተሻ ላይ እቆማለሁ፣ መኪና እፈልጋለሁ፣ ከጫኝና አውራጅ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ባቡሩን የማየው እንግዲህ ከዚህ ወገን ሆኜ ነው።

ልል የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። የጭነት ባቡር አንድን አካባቢ የሚጠቅመው እዚያ ሲቆም ነው። ስለ ፍጥነቱ ተወራ፣ ስለ ርዝመቱ ተወራ፣ ስለ ብድሩማ ጆሯችን እስኪደነቁር ሰማን። የት ይቆማል? ሲቆም ምን ያወርዳል? ሲመለስ ምን ይጭናል? ይህን የሚጠይቅ ሰው ግን አላየሁም።

መጀመሪያ ባቡሩን ለሚያሙት ጥቂት ልበል። የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ በኩል ነው። እስከ 1990 ዓ.ም. ዋናው በራችን አሰብ ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ መጣና ሸክሙ ሁሉ ጅቡቲ ላይ ወደቀ። ያ ሸክም ለብዙ ዓመት በመኪና ነበር የሚጓዘው። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አዳማ፣ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሰመራ፣ ጋላፊ እያለ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። የአፋርን ሙቀት ጎማው ይንገራችሁ።

አንድ ባለ ተሳቢ መኪና ሁለት ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ይጭናል። አንድ ባቡር ግን እስከ 100 ያህል ይጎትታል። ሃምሳ መኪና፣ ሃምሳ ሹፌር፣ ሃምሳ ረዳት፣ ሃምሳ ጊዜ ነዳጅ መቅዳት ማለት ነው። ነዳጁ ደግሞ በዶላር የተገዛ ነው። ባቡሩ የሚሄደው በመብራት ነው፤ እኛው ከወንዛችን ባመነጨነው መብራት። ጳጉሜን 2017 ላይ የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ሰው ሁሉ ስለ ቤቱ መብራት ሲያወራ እኔ ያሰብኩት ባቡሩን ነው። የሥራ በሽታ ነው መሰለኝ። መብራት ሲቋረጥ ባቡሩ መሐል በረሃ ላይ እንደሚገተርም አውቃለሁ። ይህ ግን የመስመር ጥገናና የጥበቃ ጉዳይ ነው፤ ባቡር ያስፈልገናል አያስፈልገንም ከሚለው ክርክር ጋር ምን አገናኘው?

ብድሩንም በአጭሩ። በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከቻይና ጋር በተደረገው ስምምነት የመክፈያው ጊዜ ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት ተራዝሟል። ዕዳው አልቀረም፤ ጊዜ ተገኘ። ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ ጭነት ነው። ተሳፋሪውን እወደዋለሁ፤ እኔም ወደ ድሬዳዋ ስሄድ ከለቡ ጣቢያ በዚሁ ባቡር ነው የምሄደው። ግን በተሳፋሪ ትኬት ይህን የሚያህል ብድር የሚከፈል አይደለም። ስለዚህ ወሬያችን ሁሉ ስለ ጭነቱ መሆን ነበረበት።

አሁን ወደ ማቆሚያው ልምጣ።

የድሬ ልጅ ነኝ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ጥገና ክፍል። ያደግኩት ከዚራ በሚባለው ሰፈር ነው፤ በጥላ በተሸፈነው መንገድ፣ በባቡር ጡሩምባ። ስለዚህ ለባቡር ማድላቴ አይቀርም፤ አንባቢ ይህንን ይዞ ያንብበኝ። የድሬዳዋ ታሪክ ግን ከእኔ ማድላት በላይ ነው። አፄ ምኒልክ ለመሐንዲሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ ሐዲዱን ሐረር ማስገባት ነበር። ተራራው እምቢ አለ። ስለዚህ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከተራራው ሥር፣ ሜዳው ላይ ደረሰና ቆመ። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ አገሮች ተጨቃጨቁበት። ለዓመታት ሐዲዱ ከዚያ አላለፈም።

በእነዚያ ዓመታት የመጣው ዕቃ ሁሉ እዚያው ነበር የሚራገፈው። ከፉርጎ የወረደውን ግመልና በቅሎ ይረከበዋል። ዕቃ ካለ መጋዘን ያስፈልጋል። መጋዘን ካለ ዘበኛ፣ ጸሐፊ፣ ሚዛን የሚይዝ ያስፈልጋል። ግመል ነጂው ይበላል፤ የሚያበላው ይመጣል። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ዓረቡም፣ ህንዱም ሱቅ ከፈተ። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ከዚራ፣ ከደቻቱ ወዲያ መጋላ ተመሠረተ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ድሬዳዋ ከተማ ከሆነች ቆይታለች። ባቡሩ ሳይቆም ሽው ብሎ ቢያልፍ ኖሮ ዛሬ እዚያ ቦታ ምን ይኖር ነበር?

እኔ የደረስኩበት ዘመን ደግሞ የራሱ ነገር ነበረው። ባቡሩ ያረጀ ነው፣ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይመጣም። ሲመጣ ግን ከተማው ይነሳል። ጫትና አትክልት ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ጨርቅ፣ ሬዲዮ፣ ሩዝ፣ ፓስታ ይወጣል። ነጋዴዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ዕቃውን እንዴት አድርገው፣ የት የት ደብቀው እንደሚያሳልፉት አሁን ጉምሩክ አካባቢ የምሠራ ሰው ሆኜ ብጽፈው አያምርብኝም። ታይዋን የሚባለውን ገበያ የምታውቁ ግን ገብቷችኋል። ኤረር ላይ ብርቱካን በመስኮት ይገዛል። አዋሽ ላይ ያ የፈረንሳዮች ቡፌ አለ። ሚኤሶ ላይ ወተት ይዘው የሚወጡ ሴቶች አሉ። ባቡሩ ድሃ ነበር፣ ድርጅቱም ድሃ ነበር፤ በየጣቢያው ግን የሚበላ ሰው ነበር።

አዲሱ ባቡር ሌላ ዓይነት ነው። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ የአሁኑ 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነው፤ አብዛኛው ዓለም የሚጠቀምበት ስፋት። ከሰበታ ተነስቶ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ጅቡቲ ናጋድ ይደርሳል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱን በ2010 ዓ.ም. ጀመረ። ከመመረቁ በፊት እንኳ በድርቁ ጊዜ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ኤሌክትሪኩ ሳይገባለት በናፍጣ ሎኮሞቲቭ እህል አመላልሷል። ለዚያ ውለታው እኔ በግሌ አከብረዋለሁ።

ችግሩ ጭነቱ ላይ ነው። ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ይጫናል፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም አዲስ አበባ ዳርቻ ያለው እንዶዴ ተርሚናል ይወርዳል። ድሬዳዋም ትንሽ ይደርሳታል። መሐል ያሉት ከተሞች ግን የሚያዩት ጭራውን ነው። ለአርብቶ አደሩማ ባቡር ማለት ግመሉን የሚገጭ ነገር ነው። ከዚያ የካሳ ንግግር አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ ባቡሩ ይዘገያል። ሚኤሶ ገበያ ላይ ከብትና ግመል እየተሸጠ፣ የቁም እንስሳው ወደ ጅቡቲና ወደ ዓረብ አገር እየሄደ፣ ሐዲዱም እዚያው እያለ፣ ሻጩና ሐዲዱ አይተዋወቁም። ግመሉ በባቡሩ ተጭኖ ቢሸጥ፣ ሐዲዱ ላይ ሲቆም የሚያባርረው ባለቤቱ ራሱ ነበር።

እዚህ አዲስ አበባ ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። አንድ ደንበኛ አሉኝ፤ መርካቶ የሳኒተሪ ዕቃ የሚያስመጡ። ጋሼ ነው የምላቸው። በቅርቡ ዕቃቸው በባቡር መጣ። ጅቡቲ ተጭኖ በማግሥቱ እዚህ ዳርቻ ላይ ደረሰ። ደስ ብሎኝ ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ ዕቃው ገብቷል።"

"ተመስገን! የት ነው ያለው?"

"ተርሚናል።"

"ታዲያ ገባ ትያለሽ እንዴ!"

ሰውየው ነገሩን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ኮንቴይነሩ እዚያ ተቀመጠ። መጀመሪያ ማንሻ ማሽኑ ሌላ ሥራ ላይ ነው ተባለ። ማሽኑ ሲገኝ ፍተሻው ለሌላ ቀን ተዛወረ። ፍተሻው ሲያልቅ መኪና ጠፋ። መኪናው ሲገኝ ደግሞ ከባድ መኪና ቀን ቀን ከተማ እንደልቡ ስለማይገባ እስኪመሽ ተጠበቀ። ማታ መርካቶ ሲደርስ ጫኝና አውራጆቹ የሌሊት ዋጋ ጠሩ። ጋሼ ካቦርታቸውን ደርበው መጋዘናቸው በር ላይ ቆመው ሲከራከሩ እኔ በስልክ አብሬ እከራከራለሁ። በመጨረሻ ሒሳቡን ስናየው ከጅቡቲ እስከ ከተማው ዳርቻ ከመጣበት ጊዜ ይልቅ ከዳርቻው መርካቶ የገባበት ጊዜ ይረዝማል። ለዚያች አጭር መንገድ የተከፈለው ኪራይም ከርቀቱ ጋር ጨርሶ አይገናኝም።

ጋሼ አሁን "በባቡር እንዳታመጪብኝ" ይሉኛል። እኔ ደግሞ ምርጫው የእኔም የእሳቸውም እንዳልሆነ ለማስረዳት እደክማለሁ። ብዙ አንባቢ ይህን ላያውቅ ይችላል። ዕቃ የሚመጣበት መንገድ ሁለት ነው። ዩኒ ሞዳል ከሆነ አስመጪው ጅቡቲ ላይ ዕቃውን ተረክቦ በራሱ መጓጓዣ ያመጣል። መልቲ ሞዳል ከሆነ ከመነሻው ወደብ እስከ ደረቅ ወደቡ ድረስ በአንድ ሰነድ፣ በአንድ አጓጓዥ ኃላፊነት ነው የሚመጣው። በባቡር ይሁን በመኪና የሚወስነው አጓጓዡ ነው። ባለ ዕቃው የሚያውቀው ሲደርስ ነው። ስለዚህ አስመጪው ባቡሩን መርጦ፣ ባቡሩም ለአስመጪው ሲል ራሱን አሻሽሎ፣ እንዲህ ያለ የገበያ ግንኙነት የለም። ደንበኛ የማይመርጠው ድርጅት የደንበኛን ብሶት ከየት ይሰማል?

ከቢሮዬ መስኮት የድሮው ጣቢያ ይታያል፤ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው። ከፊቱ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አለ። ድሮ ፉርጎው እዚህ ድረስ ይገባ ነበር፤ ዕቃው ከዚህ ወርዶ በጋሪና በትንንሽ መኪና ወደ መርካቶ ይወጣ ነበር። አሁን ከጣቢያው ጀርባ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የለገሃር ግንባታ አለ፤ ክሬን በክሬን ነው። ፉርጎ ለገሃር ይመለስልኝ ብዬ አላለቅስም። መሐል ከተማ ላይ የጭነት ባቡር ዛሬ የሚሆን ነገር አይደለም፤ የከተማው ቀላል ባቡር እንኳ በሥራ መውጫ ሰዓት መተንፈሻ ያጣል። ግን አንድ ነገር ሲነሳ በምትኩ የሚሠራ ነገር መኖር ነበረበት። ፉርጎውን ወደ ዳር ወሰድነው፤ ከዳር ወደ መርካቶ፣ ወደ ጎጃም በረንዳ፣ ወደ ተክለ ሃይማኖት የሚያመጣውን ሥርዓት ግን ለደላላ ተውነው።

መፍትሔው ያን ያህል ረቂቅ አይደለም። ተርሚናል ላይ ተራ የሚይዙ፣ ዋጋቸው የተለጠፈ፣ ከተማ እንዲገቡ የተፈቀደላቸው መካከለኛ መኪናዎች ይመደቡ። ኮንቴይነሩ እዚያው ተፈትቶ ዕቃው በአይሱዙ ቢገባስ ምን ችግር አለው? ፍተሻው ባቡሩ ከመድረሱ በፊት በሰነድ ተጀምሮ ቢጠብቅስ? ባቡሩ በአንድ ጊዜ አንድ መቶ ኮንቴይነር ያወርዳል፤ ሠራተኛው ግን አንድ መኪና እንደመጣለት ያህል ተረጋግቶ ነው የሚጀምረው።

መሐል ላሉት ከተሞችም እንዲሁ። ሁሉም ቦታ ትልቅ ደረቅ ወደብ ይሠራ አላልኩም። ቢሾፍቱ፣ አዳማ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ ላይ ፉርጎ ተቀንሶ የሚቀርበት አጭር ሐዲድ፣ የተደለደለ ሜዳ፣ አንድ ማንሻ፣ አንድ ጎተራ ይበቃል። የመተሐራ ስኳር ፋብሪካ ከመስመሩ ብዙ አይርቅም። ዱከምና ገላን ላይ ያሉ ፋብሪካዎች ብረትና ጥሬ ዕቃ በየዕለቱ ያስገባሉ። ማዳበሪያ በባቡር ይመጣል፤ አርሲና ባሌ የሚሄደው ማዳበሪያ አዳማ ላይ ወርዶ በቀጥታ ወደ ላይ ቢወጣ ገበሬው ጋ የሚደርስበትን ቀን አስቡት። ዘር የሚዘራበት ሳምንት ደግሞ ለማንም አይጠብቅም።

አሁን ሲመለስ ምን ይጭናል ወዳልኩት ልመለስ፤ ነገሩ ባዶው ኮንቴይነር ነው። ይህ የእኔ የዘወትር ራስ ምታት ነው። ኮንቴይነሩ የመርከብ ድርጅቱ ንብረት ነው። የተወሰነ ቀን በነፃ ይሰጣል፤ ካለፈ በየቀኑ በዶላር ይቆጥራል። ስለዚህ ዕቃው እንደተራገፈ ባዶውን ወደ ጅቡቲ መመለስ ግድ ነው። ከምንልከው የምናስገባው እጅግ ስለሚበልጥ አብዛኛው ባዶውን ይወርዳል። ባቡሩም ወደ ታች ሲሄድ የሚጭነው በአብዛኛው አየር ነው። አየር ኪራይ አይከፍልም።

እዚህ ላይ ነው ቡናው የሚያናድደኝ። ለውጭ ገበያ የሚሄደው ቡና በብዛት የሚበጠረውና የሚዘጋጀው ከሳሪስ እስከ ቃሊቲና አቃቂ ባለው መስመር ባሉ መጋዘኖች ነው። እንዶዴ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ሆኖም ለዓመታት ቡናው በጆንያ መኪና ላይ ተጭኖ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ እዚያ ሙቀት ውስጥ ነበር ኮንቴይነር የሚገባው። እዚህ ታሽጎ የሚሄድበት አሠራር መጥቷል፤ በባቡርም ቡና መላክ ተጀምሯል። ግን ዕቃ ያደረሰው ኮንቴይነር ተጠርጎ፣ ተመርምሮ፣ እዚያው አጠገቡ ቡና ተሞልቶ በሚቀጥለው ባቡር የሚወርድበት ቀላል መንገድ ገና ነው። ላኪውና አስመጪው በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ አንዱ ባዶ ኮንቴይነር ለመመለስ ሲከፍል ሌላው ኮንቴይነር ፍለጋ ይከፍላል። እኔ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። አንዳንዴ በስልክ አገናኛቸዋለሁ፤ ወረቀቱ ግን አያገናኛቸውም።

ነዳጁም አለ። ነዳጅ የሚገባው እስካሁን በአብዛኛው በቦቴ ነው። ነዳጅ ለማምጣት ነዳጅ እናቃጥላለን። አዋሽ ላይ ዴፖ አለ፤ ሐዲዱም አዋሽ ያልፋል። ከዚህ በላይ ምን ልበል?

አንድ የማልስማማበት ሐሳብ ደግሞ አለ። አንዱ ጸሐፊያችሁ መንግሥት ጭነቱን በሙሉ በግድ ወደ ባቡር ያዙር ብሏል። ጎረቤታችን ኬንያ ይህን ሞክራለች። የሞምባሳ–ናይሮቢ ባቡር የጭነት ሥራ ከጀመረ በኋላ ኮንቴይነሩ በግድ በባቡር ይሂድ ተባለ። ሞምባሳ ላይ የመኪና ባለቤቶች፣ የመጋዘን ሰዎች፣ የኔ ቢጤ ትራንዚተሮች ሰልፍ ወጡ፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። እኛም አገር ከአዋሽ እስከ ሎጊያ ያለው ሕዝብ በሹፌር ነው የሚኖረው። ሆቴሉ፣ ጎሚስታው፣ ሻይ ቤቱ፣ መካኒኩ። ይህን በአንድ ደብዳቤ መዝጋት ጭካኔ ነው።

መኪናው ሥራ አያጣም፤ ሥራው ይቀየራል። ጅቡቲ ደርሶ የሚመለስ መኪና ወደብ ላይ የሚጠብቀው፣ ኬላ ላይ የሚጠብቀው ተደምሮ በወር ስንት ጊዜ ነው የሚመላለሰው? በጣም ጥቂት። ከሞጆ ሐዋሳ፣ ከአዳማ አሰላ የሚሠራ መኪና ግን ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤቱ ይገባል። የማውቃቸው ሹፌሮች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይበራል። ባለቤቶቹ ግን "ዋጋው ያዋጣል ወይ?" ይላሉ፤ ልክ ናቸው። አጭር መንገድ የሚያዋጣው ጭነቱ ሲበዛና ተራ መጠበቁ ሲቀንስ ነው። እሱ ደግሞ ተመልሶ ማቆሚያው ጋ ይመጣል።

ሰሜኑንም ሳልጠቅሰው አልቀርም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሃራ ገበያ የሚደርሰው ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚሆን መስመር አለ። የቱርክ ኩባንያ የሠራው ነው። ሐዲዱ ተዘርግቷል፣ ድልድዩና ዋሻው ተሠርቷል፤ ኤሌክትሪኩ ጎደለ፣ ጦርነቱ ደግሞ ጉዳት አደረሰበት። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ፋብሪካዎች አሏት። ወሎ ውስጥ ያሉ ደንበኞቼ ዕቃቸው እስከ ዛሬ ታርማበርን በመኪና ነው የሚወጣው። ያ መስመር ሥራ ቢጀምር አዋሽ ሁለት መስመር የሚገናኙባት ከተማ ትሆናለች። ነጋዴ ብሆን ኖሮ ዛሬውኑ አዋሽ ላይ መሬት እፈልግ ነበር። ትራንዚተር ስለሆንኩ ሐሳብ ብቻ ነው ያለኝ።

ድሬዳዋ ላይ ግን ደስ የሚል ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነፃ የንግድ ቀጠና ሆናለች። ኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። ከተማዋ ከተወለደችበት ምክንያት ጋር እየታረቀች ነው። ባለፈው ስሄድ ከዚራ ውስጥ ያሉ የአባቴ ጓደኞች፣ ጡረተኞቹ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው የአዲሱን ባቡር ሰዓት ይቆጣጠራሉ። "ዛሬ ዘገየ" ይላል አንዱ። "የእኛም ይዘገይ ነበር" ይላል ሌላው። "የእኛ ሲዘገይ እኛ ነበርን የምንጠግነው!" ብሎ ሦስተኛው ይቆጣል። አሁን እሱም እየተለወጠ ነው። በ2016 ዓ.ም. የቻይና ኩባንያዎቹ የባቡሩን አስተዳደር ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች አስረክበዋል። ከአክሲዮኑ 75 በመቶው የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶው የጅቡቲ ነው። ስለዚህ ባቡሩ የት ይቁም የሚለውን የሚወስኑት የምናውቃቸው፣ ስልካቸው የሚገኝ፣ አማርኛ ጋዜጣ የሚያነቡ ሰዎች ናቸው። ለዚህ ነው ለእናንተ መጻፌ።

ውድ አዘጋጅ፣ ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የሚቀጥለውን ጽሑፍ ከቢሮ አታስጽፉት። አንድ ጋዜጠኛ እንዶዴ ላኩ፤ ሌላ ሞጆ ላኩ። ወደ ጅቡቲ ከሚወርደው ባቡር ላይ ስንቱ ኮንቴይነር ሙሉ፣ ስንቱ ባዶ እንደሆነ ይጠይቁ። የወረደው ኮንቴይነር ከተርሚናሉ እስኪወጣ ምን ያህል እንደሚቆይ ከጫኝና አውራጆቹ ይስሙ። መልቲ ሞዳል አጓጓዦቹን ደግሞ ስንቱን በባቡር፣ ስንቱን በመኪና እንደሚያመጡና በምን መለኪያ እንደሚወስኑ ይጠይቁልን። ያገኛችሁትን ቁጥር አትሙት። ጋሼ ጋዜጣችሁን በየሳምንቱ ይገዛሉ፤ እኔም ቁጥሩን ይዤ መጋዘናቸው ድረስ እሄዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ትራንዚተር፣ ከለገሃር